ለዓይን የተሠራ ድብ

ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ እኔ ገና በሥራዬ እየተኩራራሁ ነበር። ፋሩስኮ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ፋሩስኮ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው የድብ አሻንጉሊት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ እኛ ሲመጣ ሆዱ ተመልጧል፣ ደረቱ ሰርጉዷል፣ ግራ ጆሮው ተንጠልጥሏል፣ ቀኝ መዳፉ ላይ ደግሞ የጀልባ ሸራ በመረብ ክር ተጥፎበታል። አሁን ያየው ሰው አይለየውም። ሆዱን በፍየል ጠጉር ጨርቅ ጠግኜዋለሁ፤ ቀለሙ ከጀርባው ጋር እንዲገጥም ጨርቁን ሦስት ቀን ሙሉ በሻይ ውሃ ስነክርና ሳደርቅ ከርሜአለሁ። ስፌቱ የት ጋ እንዳለ እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

«አለቃ፣ እስቲ ስፌቱን ያግኙ» አልኳቸው።

አለቃ ቤልሚሮ የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ እሳቸው የሸክላ አሻንጉሊቶችን ጭንቅላት ይጠግናሉ፣ እኔ ደግሞ ጠጉራሞቹን። ፖርቶ ከተማ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ሱቃችንን ሆስፒታል ነው የሚለው። እሳቸው ግን ሐኪም ሲሏቸው ይናደዳሉ።

«ስፌቱን ተይና ስልኩን አንሺ፤ ጆሮዬን በላው» አሉኝ።

ደዋዩ ሴኞር ኖርቤርቶ ነበር፣ ድቡን ያመጣው የመኪና መንዳት አስተማሪ። ድቡ የአክስቱ የዶና ኤርሜሊንዳ ነው። ለልደታቸው ድንገተኛ ስጦታ ይሆናል ብሎ ሳይነግራቸው ከአልጋቸው ላይ አንስቶ ነው ያመጣው።

«ዶና ዙልሚራ፣ አለቀ?»

«አለቀ ብቻ! የሆዱ ቀለም ከጀርባው ጋር ቁርጥ አንድ ሆኗል። አክስትዎ የልጅነት ድባቸውን ፊት እንደገና ሊያዩ ነው።»

«አክስቴ እኮ አያዩም» አለኝ።

«ምኑን ነው የማያዩት?»

«ምንም። ዓይነ ስውር ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። አልነገርኩዎትም እንዴ?»

ክው አልኩ። እሱ ግን ሲጨንቀው የሚቀባጥር ዓይነት ሰው ነውና ቀጠለ። ድቡን ከወሰደ ጀምሮ አክስቱ አልተኙም። አሥራ ሦስት ሌሊት አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሳይቀር ሲዳብሱ አድረዋል። ትናንት ጨንቆት እውነቱን ቢነግራቸው የሾርባ ማንኪያ ወረወሩበት። ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው ሊወስዱት ነው።

«ዓይናቸው ሊጠፋ ሲል ሐኪሙ አንድ ዓመት ቀርቶዎታል ብሏቸው ነበር» አለኝ። «ያን ዓመት ሁሉን ነገር እያዩ በእጃቸው አጠኑት። ምድጃውን፣ ደረጃውን፣ የገዛ ፊታቸውን፣ ድቡን። ያጠኑትን ሲነኩ ይታየኛል ይላሉ። ምድጃውን እኔ ቀየርኩባቸው። ደረጃውን ማዘጋጃ ቤቱ አፈረሰው። ፊታቸውም ያው አርጅቷል። አሁን የሚታየኝ ፋሩስኮ ብቻ ነው ይሉ ነበር። እኔ የአሮጊት ጨዋታ መስሎኝ…»

ስልኩን ዘግቼ ፋሩስኮን አየሁት። በደንብ የተሞላ፣ ቀጥ ያለ፣ ጆሮው የቆመ፣ ቆንጆ ድብ። ጠላሁት።

እኛ ዘንድ አሻንጉሊት ስንቀበል ካርድ እንሞላለን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንዳይነካ ይፈልጋሉ?» የሚል ነው። ኖርቤርቶን ጠይቄው «ምንም፤ አዲስ አድርጉልኝ» ብሎ ነበር። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ተዪ፣ ያንን አትንኪ እያለ እጄን ሲያስረኝ ኖሯል፤ እንደልብሽ የሚለኝ አንድ ሰው ሳገኝ ድቡ የማን እንደሆነ መጠየቅ ረሳሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ከአሻንጉሊት የወጣ ነገር ሁሉ ባለቤቱ እስኪረከብ ድረስ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። ሮጬ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። የሸራው ጥፍ አለ። የአፍንጫው ክር አለ። ደረቱ ተሞልቶበት የነበረው ጭድ ግን የለም።

«አለቃ፣ ጭዱስ?»

«ብል የወረረው ጭድ? ማክሰኞ ዕለት አፍንጫሽን ይዘሽ ጣሉልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የቆሻሻ መኪናው ወስዶታል።»

እውነታቸውን ነው፣ እኔው ነኝ ያልኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ፎቶዎቹን አወጣሁ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሠላሳ ሁለት ፎቶ አንስቻለሁ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጬ ሁሉ። የጆሮው ዝቅታ በሚሊሜትር ይታያል። የደረቱ ስርጉድ ግን በፎቶ ላይ ጥላ ብቻ ነው። ጣት ሲገባበት ምን ያህል ይጠልቃል? ሲጫኑት ይመለሳል ወይስ እንደሰረጎደ ይቀራል? ሃያ ስድስት ዓመት ድብ ስዳብስ ኖሬ አንድም ቀን ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። እጄን ብጠይቀው የሚያስታውሰው ነገር የለውም።

ዓርብ ጠዋት ሻርፔን ፈትቼ ዓይኔን አሰርኩ።

«ደግሞ ድብብቆሽ ልንጫወት ነው?» አሉ አለቃ።

«ይቀልዱ፣ ይቀልዱ! ነገ ሴትዮዋን የሚያነጋግሩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔማ ነገ ታምሜአለሁ።»

የሦስት ቀን ሥራዬን፣ ያን በሻይ የተነከረ ጨርቅ፣ በሩብ ሰዓት ፈታሁት። ሆዱ እንደገና መላጣ ሆነ። ሸራውን በዚያው በአሮጌው ቀዳዳ፣ በዚያው ጠማማ መንገድ መልሼ ሰፋሁት። እንደዚያ ጠማማ አድርጎ መስፋት ቀጥ አድርጎ ከመስፋት ይከብዳል። አፍንጫውን በአሮጌው ክር መልሼ ጠለፍኩት። ጆሮውን ፈትቼ እንዲንጠለጠል አደረግኩት፤ ሻርፑን ገልጬ ሳየው ከፎቶው ጋር ገጠመ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ደረቱ ላይ ስደርስ ግን አልሆነልኝም። የእንጨት ፍቅፋቂ ሞላሁበት፤ ጠጠረ። አወጣሁት። ጥጥ ቀላቀልኩበት፤ ትራስ ሆነ። አወጣሁት። ከአሮጌ አሻንጉሊቶች የተረፈ ጭድ ከመደርደሪያ ሥር ፈልጌ ሞላሁት፤ ለእጄ ደህና መሰለኝ፣ ግን ከምን ጋር ላስተያየው? በአእምሮዬ የማላውቃቸው ሴትዮ አልጋ ሥር ተንበርክከው ይዳብሳሉ። የጎመን ሾርባዬ ጠረጴዛው ላይ ረጋ። ከሰዓት በኋላ ለቅዱስ አንቶኒዮስ ሻማ ተሳልኩ።

«እሱ የጠፋ ነው የሚያገኘው» አሉ አለቃ ቤልሚሮ፣ «የተጣለ አይደለም።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። አለቃ ደንግጠው ብሩሻቸውን አስቀመጡና መጥተው ፎቶውን በማጉያ መስታወት እያዩ ይነግሩኝ ጀመር። «ጥላው እስከ ክንዱ ሥር ድረስ ይሄዳል። ትንሽ ወደ ግራ። አይ፣ ወደ እሱ ግራ!» እንዲህ እየተነታረክን አመሸን።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ኖርቤርቶ አክስቱን ደግፎ ገባ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ፀጉራቸውን በጥንቃቄ ያበጠሩ። ዓይናቸው ሥር የእንቅልፍ ማጣቱ ጠቁሮ ይታያል። ወንበር ስሰጣቸው አልተደገፉም፤ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። እጆቻቸው እንዲህ ይፈጥናሉ ብዬ አልጠበቅኩም። በኋላ እንደነገሩኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ማቶዚንዩሽ በሚባል ወደብ በሚገኝ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሳርዲን በቆርቆሮ ሲደረድሩ ኖረዋል። መጀመሪያ መዳፉን ያዙ። የመረቡን ክር በጥፍራቸው ተከትለው ሄዱ።

«ይኸው የባሌ ስፌት» አሉ ፈገግ ብለው። «መረብ እንጂ ሌላ ነገር መስፋት አያውቅበትም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ጆሮውን ጎተቱ። እሱንም ወደዱት። አለቃ ከማዶ ሆነው በዓይናቸው «አየሽ?» አሉኝ። ከዚያ የዶና ኤርሜሊንዳ አውራ ጣት ወደ ደረቱ ወርዶ ቆመ። ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። በሩን ያጣ ሰው ግድግዳ እንደሚዳብስ ነበር።

«ይሄ ደረት የማን ነው?» አሉ።

«አክስቴ፣ እሱ ራሱ እኮ ነው» አለ ኖርቤርቶ።

«አንተ ዝም በል፤ ስኳርና ጨው የማትለይ።»

እንዲህ ያለ ጊዜ የምንለው የተለመደ ነገር አለ፦ «ጊዜ ይስጡት፤ እጅዎ ሲለምደው ይመለሳል።» ለስንቱ ብዬዋለሁ። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። አሁን ግን አላልኩትም። እኚህ ሴት ሊለምዱት አልመጡም፣ ሊያዩት ነው የመጡት።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ጭዱን አውጥቼ ጣልኩት። ብል ገብቶበት ነበር፣ ግን ብጠይቅዎት ኖሮ መቀቀል፣ ማድረቅ፣ አንድ ነገር ማድረግ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ሌላ ሰው ጠይቄ ለዓይን ሠራሁት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ክፈቺው» አሉ።

የጀርባውን ስፌት በምላጭ ከፈትኩት። እጃቸውን እስከ አንጓቸው አስገብተው ጭዱን አወጡና በጣቶቻቸው መካከል ፈተጉት። «ሸካራ ነው። ቀጭን የለሽም?» አሉ። ያለኝን ሁሉ አመጣሁ፤ ኖርቤርቶ ሳይቀር ተንበርክኮ ከመደርደሪያ ሥር ከረጢት ይጎትታል። እሳቸው እየመረጡ፣ እየጣሉ፣ ቀጫጭኑን በአንድ አቅጣጫ እየደረደሩ ሞሉት። ከዚያ የደረቱን ጨርቅ ከውስጥ በጣታቸው ያዙና «እዚህ ጋ ውጊው» አሉኝ።

«ጣትዎን እወጋዎታለሁ!»

«እኔ የዓሣ አጥንት ስንት ዘመን የወጋኝ ሴት ነኝ። ውጊ!»

ወጋሁ። ሁለት ጊዜ እሳቸውን፣ አራት ጊዜ ራሴን። ጨርቁን ከጣታቸው ጋር ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ ስርጉዱ ወጣ። ይህን ስናደርግ የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሱቅ የገቡ ሰዎችን አለቃ ቤልሚሮ በሹክሹክታ እያባረሩ መለሷቸው። በመጨረሻ ጀርባውን ዘጋሁት፤ ዶና ኤርሜሊንዳም ፋሩስኮን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ አዲስ ከላይ ጀመሩ።

መጠየቅ ፈራሁ፤ ግን ጠየቅኩ። «ታየዎት?»

«ጆሮው ይታየኛል» አሉ ቀስ ብለው። «መዳፉም ይታየኛል። አፍንጫው ይታየኛል፣ ትንሽ ወፍሯል እንጂ።» አውራ ጣታቸው ወደ ደረቱ ወረደ፤ ስርጉዱ ውስጥ ልክ ብሎ ገባ። እዚያ ብዙ ቆየ። «እዚህ ጋ ጨለማ ነው» አሉ።

አለቀስኩ። ሴት ልጅ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ሰው ፊት እንዲያ ማልቀስ የለባትም፣ ግን አለቀስኩ። ጣታቸው ልክ ብሎ ገብቶ ሳለ! ልክ መሆኑ ነው አንጀቴን የበላው።

«አታልቅሺ፣ ልጄ፤ ታረጥቢዋለሽ» አሉኝ። «ሌላውን አልወሰድሽብኝም። ደረቱን ወስደሻል። ያው ነው እንግዲህ።» ፋሩስኮን አንስተው ፊቱን አንገታቸው ሥር ወሸቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደገፉ። «እንዲያውም ምን ነበር የምልሽ» ብለው ጀመሩ፣ «ያኔ ገና ልጅ ሳለሁ እናቴ…» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ በቀስታ ያንኮራፋሉ። አውራ ጣታቸው ከደረቱ ወጥታ ጆሮውን ይዛለች።

«አክስቴ፣ የመኪናው ማቆሚያ ሰዓት አልፏል» አለ ኖርቤርቶና ትከሻቸውን ሊነካ እጁን ዘረጋ። በጥፊ መታሁት፣ እጁን ማለቴ ነው።