የወንድማማቾቹ ቺንጊያ

ከተማችን ፓላ ውስጥ ወንድም ወንድሙን ሲደበድብ አይቶ የሚገላግል የለም፤ ሁሉም ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። ቫርኪና ኦሴፍ ሲደባደቡማ የጎማ ዛፎቹ ሳይበጡ በድንጋጤ ወተታቸውን ያፈሱ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

የጠባቸው ምክንያት የአባታቸው የጎማ ፋብሪካ ነው። ሽማግሌው ለማን እንደተወው ሳይናገር ሞተ። ቫርኪ «ታላቁ እኔ ነኝ» አለ፤ ኦሴፍ «ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለ። ሊያስታርቁ የመጡት ቄስ የተሰበረ መነጽራቸውን ይዘው ተመለሱ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፦ ለቤተ ክርስቲያኑ በዓል እያንዳንዱ የራሱን የሞተር ቺንጊያ ሠርቶ ያምጣ። ሁለቱ ይቆላለፉና ግንድ ጫኝ መኪኖች ግራና ቀኝ ይጎትቷቸው። ቺንጊያው የተበጠሰበት ፋብሪካውን ለቆ ይውጣ።

ለቫርኪ ቺንጊያ ሁለት ዓይነት ጎማ ቀላቅዬ በማሽን የምዳምጠው እኔ ነበርኩ። የቫርኪ ሴት ልጅ አናማ ኮታያም ከተማ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ከዚያ አንድ ከረጢት ነጭ የሸክላ ዱቄት አመጣች። እንዴት የላመ ነበር! ከረጢቱን ስፈታ ያስነጠሰኝ ማስነጠስ ጎረቤት ሦስት ዶሮ ገደለ።

«የዛፉ ጎማና ከነዳጅ የሚሠራው ጎማ አማትና ምራት ናቸው ቶሚ» አለችኝ። «አንድ ቤት ብታስገባቸውም ተኮራርፈው ነው የሚያድሩት። ይሄ መሃላቸው ገብቶ ያስታርቃል። ግን ትንሽ ብቻ፣ በደንብ እስኪበተን እየዳመጥክ።»

በሚሽከረከሩት ሁለት ብረቶች መሃል ቆንጠር ቆንጠር እያደረግኩ ነሰነስኩት። ጎማው እየጠነከረ ሲሄድ ማሽኑ እንደምትወልድ ጎሽ አቃሰተ።

ቺንጊያችንን ጨርሰን የተረፈውን ዱቄት አስቀምጠን ነበር፤ የበዓሉ ጠዋት ከረጢቱን ብናየው ባዶ ነው።

ቫርኪ አልጠየቀም። ሽርጡን ወደ ጉልበቱ አጥፎ ሄደና፣ ኦሴፍን አፍንጫው ላይ በቡጢ አለው። አጥንቱ ሲሰበር ከደጅ ተሰማኝ። ኦሴፍ የዛፍ መብጫ ቢላውን መዘዘ፤ የቫርኪ የግራ ጆሮ ጫፍ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ሌባ!»

«የአባቴ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ነው የወሰድኩት ቼታ!» ታላቅ ወንድሙን ሁሌም እንደ ወጉ «ቼታ» ነው የሚለው፤ ሲያርደውም ቢሆን።

አናማ መሃላቸው ገባች። «አጎቴ፣ ስንት ጨመርክበት?»

«ጎማ ላይ ሁሌ እንደምንጨምረው ጥላሸት ነዋ! የጎማውን ግማሽ።» ደሙን ተፋ። «ትንሹ እናንተን ካጠነከረ፣ ብዙው እኔን ምን ሊያደርግ ነው?»

ፊቷ ነጣ። «ብዙ ሲሆን እርስ በርሱ ይጓጉላል፤ በጓጎለበት ይበጠሳል። ቺንጊያህን ውድድሩ ውስጥ አታስገባው።»

«አየሃት ቶሚ? ፈርታ ነው!»

«እሺ አስጎትተው፤ ግን አጠገቡ አትቁም!»

ሜዳው ላይ ኦሴፍ ሊያሳያት ብሎ ቺንጊያውን በእጁ ሊነካ እስኪችል ተጠግቶ ቆመ። ሕዝቡ ያፏጫል። መኪኖቹ አጓሩ፣ ጎማቸው ጭቃውን ቆፈረ። የቫርኪ ቺንጊያ ተወጥሮ እንደ ክራር ዘፈነ። የኦሴፍ ቺንጊያ ላይ ግን ነጫጭ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ፣ እንደ ኩፍኝ።

«አጎቴ!» ብላ ጮኸች።

ተበጠሰ። ተወንጭፎ የኦሴፍን መንጋጋ መታው፤ እሱን ጥሎ አንድ የኮኮናት ዛፍ በጥፊ ቢያጮል አርባ ፍሬ ዘነበ፣ አንዱም የፖሊሱን ቆብ እስከ አገጩ አወረደው። የኮኮናቱን ማመን ካልፈለጋችሁ ተዉት። የኦሴፍን ጥርሶች ግን ከጭቃው ውስጥ የለቀምኩት እኔ ነኝ።

ቫርኪ ደም ከጆሮው እየወረደ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ድረስ ሮጠ።

ኦሴፍ አልጋው ላይ ነቃ። መንጋጋው በሽቦ ታስሮ፣ በከንፈሩ ብቻ፦ «አናማ... አንቺ ስንት ነው የጨመርሽው?»

«ከመቶ አምስት እጅ አጎቴ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ቫርኪ ግንባሩን ሳመው፣ ትራሱን አስተካከለለት፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ፋብሪካው ሄዶ፣ ውል ውል ነውና፣ ኦሴፍ እዚያ የሚተኛበትን አልጋ፣ ሣጥኑንና የጺም መላጫውን አውጥቶ መንገድ ላይ ወረወረ።