አንድ ቁና ኑግ ለወፎች

እንዳላማው ወፎቹን አንድም ቀን አይቷቸው አያውቅም። ቢሆንም ከደምበጫ ወዲህ ባለው ደጋ አገር ሁሉ እንደሱ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ኑጉ አብቦ ማሳው ቢጫ ሲለብስ፣ ከእርሻው ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ከደን ያደርጋል። ያን ጊዜ ይመጣሉ። ባሕር ማዶ ነው፤ በረዶ የጣለበት አገር። ሰዉ በየመስኮቱ ትንንሽ የእንጨት ቤት ሰቅሎላቸዋል። ሆዳቸው ቢጫ ነው። የሱን ኑግ አንድ አንድ እያነሡ በምንቃራቸው ቀርጠፍ ያደርጋሉ፤ አንዳንዴም ቀና ብለው እሱን ያዩታል።

ነገሩን የነገረው የሺዋስ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እየመጣ ኑግ የሚገዛው ነጋዴ። አንድ ቀን ለመቀለድ ያህል፣ "አያ እንዳላማው፣ ያንተ ኑግ ዘይት የሚሆን መስሎሃል? የፈረንጅ ወፍ ቀለብ ነው እኮ!" አለው። ሌላው ገበሬ "ጉድ በል ጎጃም! ወፍም ተቀለበ?" ብሎ ስቆ አለፈ። እንዳላማው ግን አልሳቀም። እዚህ ወፍ በወንጭፍ ይባረራል፣ እዚያ ወፍ ይጋበዛል! እንዲህም ያለ አገር አለ? ከዚያ ወዲያ ኑጉን ሲዘራም፣ ሲወቃም፣ ሲያበጥርም ለወፎቹ ሆነ። "ጠጠሩን ልቀሙ፣ ምንቃራቸውን ይጎዳዋል" እያለ ቤተሰቡን መከራውን ያበላው ነበር። አብዷል እንዳትሉ። ሰው የሚወደውን መርጦ አይወድም።

ይህን ሁሉ ለሚስቱ ለሥራነሽ ቢያጫውታት እንዴት በወደደ! ሥራነሽ ግን አትሰማም። ልጃቸው ሂዊ ገና ጡት ሳትጥል እናቲቱን አንድ ክፉ ትኩሳት ያዛትና፣ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። መብረቅ ከቤቱ በላይ ሲጮህ ብቻ ቀና ትላለች። ለቅሶ ቤት የሌላውን ሴት አፍ እያየች ታለቅሳለች፤ ሰርግ ላይ የሌላውን እጅ እያየች ታጨበጭባለች፤ ሁልጊዜም ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች። እንዳላማው ወፎቹን በጣቶቹ እያርገበገበ ሊያሳያት ሞክሮ ነበር። ፈገግ አለችለት። ምን እንደገባት እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ማሳው ዳር አብረው ሲቀመጡ፣ እንደማትሰማው እያወቀ፣ ዝም ብሎ ያወራላታል። በረዶውን፣ መስኮቱን፣ የወፎቹን ጠባይ፣ ሁሉንም። እሷም ወደ ማሳው እያየች ጥጧን ትፈትላለች። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ውስጥ ውስጡን ግን ያሳዝናል።

አምና ነገር ተበላሸ። ያ የወፎቹ አገር በእኛ ዕቃ ላይ ቀረጥ ከመረ፤ የኛም መንግሥት "እኔስ ከማን አንሼ" ብሎ በነሱ ዕቃ ላይ ከመረ። የሺዋስ ከጭነት መኪናው ሳይወርድ፣ "ኑግህን ያዝ፣ አያ እንዳላማው። ወደብ የደረሰውም አልተነሣ" አለው።

"ወፎቹስ?"

"የምን ወፎች?"

"ምን ሊበሉ ነው?"

የሺዋስ ሳቀ። "ከሌላ አገር ይገዙላቸዋላ! ወፍ እህል እንጂ አገር አይመርጥም።"

ይቺ ቃል እንዳላማውን አረደችው። የዚያን ዕለት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ቢከድን፣ ወፎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት የሌላ ሰው እህል ሲለቅሙ አየ። አንዷም ዞር አላለች።

የተከፋ ፍቅር ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰብስቦ ጠላው ሲዞር፣ እንዳላማው ተነሣ። የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴው፣ እሱ ነበርና ሰዉ ጸጥ አለለት። "ኑጋችንን የናቀ አገር ብራችንን ምን ያደርግለታል? ከዛሬ ወዲያ የዚያን አገር ዕቃ የገዛ፣ የለበሰ፣ በስጦታም ቢሆን የተቀበለ፣ ከኛ አይደለም! የአገራችንን እንልበስ፣ የአገራችንን እንግዛ!" አለ።

ኑጉ በየጎተራው የቀረበት ሰው ሁሉ "ይሁን! ይሁን!" አለ። አብሮ አደጉ አንለይ ግን ነገር መውጋት ካልቻለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። "ቅጣት የሌለው ቃል አጥር የሌለው ጎመን ነው፤ ቅጣቱን ተናገር እንጂ" አለ።

እንዳላማው አሰበ አሰበና፣ "ቃሉን ያፈረሰ፣ ሰው እያየው፣ አንድ ቁና ኑግ በገዛ እጁ ለወፍ ይበትን" አለ። ሰንበቴው ቀዝቀዝ አለ። ገበሬ ለፍቶ ያገባውን እህል ለወፍ ሲበትን! ከዚህ የባሰ ውርደት ከወዴት ይመጣል? ቄሱም ባረኩ፣ ሁሉም አሜን አለ።

መቼም የዚያ ክረምት ጉድ አይወራ። የዚያ አገር ዣንጥላ ተጥሎ ሰው በጋቢው ዶፍ ሲወርድበት ከረመ። ሳሙናው ቀርቶ እንዶድ ተወቀጠ። ሸማኔው ግን፣ የድሮ ሥራው ተመልሶለት፣ ከጉድጓዱ ቀና የሚልበት ጊዜ አጣ። ሰው በጨርቁ ይኮራ ጀመር፤ እንዳላማውም በቃሉ። ኑጉ እንደገና አበበ። እሱ ግን ድንጋዩ ላይ ቢቀመጥም ዓይኑን አልከደነም።

በጥር ሂዊ ተዳረች። ሙሽራው ሀይለመለኮት ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ የጆሮ ሐኪም ዘንድ የሚሠራ ነርስ ነው። ሂዊ እናቷን ልታስመረምር ወስዳት ነበር። ልጁ የእናቲቱን ጆሮ አያለሁ ሲል የልጅቱን ዓይን አየ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቶ፣ ጥሎሹ ከሽማግሎች ፊት ቀረበ። እንደ ወጉ ሚዜው ሙላት እያንዳንዱን ዕቃ ከሣጥኑ እያወጣ ከፍ ያደርጋል፤ ሽማግሎቹም አገላብጠው አይተው፣ ሲሆን "ተቀብለናል"፣ ሳይሆን ደግሞ "መልሱት" ይላሉ። ዘንድሮ ምርመራው በረታ።

"ቀሚስ!" አለ ሙላት።

"የማን እጅ ነው?"

"የደብረ ማርቆስ ሸማኔ!"

"ክሩስ?" አለ አንለይ።

"የሙሽራው እናት የፈተሉት!"

"ተቀብለናል!"

ጫማውን አሸተቱት፤ የአገር ቆዳ ነው። ጋቢውን በፀሐይ አዩት። ሴቶቹ እልል አሉ። እንዳላማው ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። በመጨረሻ አንለይ፣ "ለእናትስ?" አለ። ለሙሽሪት እናት ስጦታ ግዴታ ነውና።

ሙላት ወደ ሣጥኑ አላጎነበሰም። ሙሽራው ራሱ ተነሣ፤ በጥሎሽ ላይ ሙሽራ አፍ የለውምና ሰዉ ተገረመ። በመዳፉ ላይ ትንሽ ነገር ይዟል። "አባቴ፣ ይህ የመስሚያ መሣሪያ ነው። የእናቴ የሥራነሽ ጆሮ ጨርሶ አልሞተም። ይህን ካደረጉት ይሰማሉ" አለ።

"ከየት ነው?" አለ አንለይ።

ሙላት እጅጌውን ጎተት አደረገው። ልጁ ቢዋሽ ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን ወደ እንዳላማው እያየ፣ "ከዚያው አገር ነው። እዚህ የተሠራ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ልሸሽግዎ ስላልፈለግሁ ነው" አለ።

ዳሱ ተንጫጫ። "ኧረ ይመለስ!" ያለም አለ፣ "ኧረ ለጆሮ ነው፣ ምን ነካችሁ!" ያለችም አለች። ሂዊ በመጋረጃው ውስጥ ሆና ታለቅስ ጀመር። እንዳላማው ወደ ሴቶቹ ዞር አለ። ሥራነሽ ምኑንም ሳታውቅ ፈገግ ብላ፣ የጎረቤቷን እጅ እያየች፣ ከሁሉም ወደ ኋላ ቀርታ ታጨበጭባለች። ጥቂት ቆይቶ ልጇን በዘፈን ሊሸኙባት ነው። አንዲት ስንኝ ሳትሰማ ልጇ ልትሄድ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በሱ ቃል ነው ክረምቱን ሙሉ በዝናብ የተደበደበው።

ዓይኑን ከደነ። ከአምና ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

በረዶው እንደ ድሮው ይወርዳል። ወፎቹ የሉም፤ የእንጨቱ ቤት ባዶውን ይወዛወዛል። ከመስታወቱ ጀርባ ግን ሰው ቆሟል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አስተውሎት የማያውቀው ሰው። አንዲት ሴት ናት። ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ድምፅ ትጠብቃለች። ቀረብ ብሎ ቢያያት፣ ሥራነሽ ሆነችበት።

"አንለይ፣ ቁና ስጠኝ" አለ ዓይኑን ሲገልጥ።

ጫጫታው ቀጥ አለ። አንለይ ጠጋ ብሎ፣ "እንዳላማው... በልጅህ ሰርግ?" አለ ቀስ ብሎ።

"የተናገርሁት እኔ ነኝ፣ የምቀጣውም እኔ ነኝ። ሙሴነቱንም ለተሻለ ሰው ስጡት። አንተ ልጅ፣ ተቀብያለሁ! አድርግላት።"

ሆኖም ቆሞ ማየት አልቻለም። ባይሠራስ? በከንቱ ተዋርዶ፣ እሷንም በሰው ፊት አስደንግጦ ቢቀርስ? ወደ ጎተራው ሄዶ ኑጉን ይሰፍር ጀመር። ከዚያ ሂዊ፣ "እማ!" ስትል ተሰማው። ከዚያም የሥራነሽ ጩኸት መጣ፤ የድንጋጤ ይሁን የደስታ አልለየውም። እልልታው ሲፈነዳ ቁናው ሊያመልጠው ነበር። ዓይኑን በጋቢው ጠረገና ወጣ።

ቁናውን ታቅፎ፣ ሰዉ እያየው፣ በዳሱ ፊት አልፎ ወደ ታጨደው ማሳ ወረደ። ወንዶቹ አፍረውለት መሬት መሬት ያያሉ። ከድንጋዩ አጠገብ ቆመና በገዛ እጁ፣ እፍኝ እፍኝ እያደረገ፣ ያን ጠጠር የተለቀመለትን ኑግ በተነው። መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ መጣች፤ አመነታች፤ አነሣች። ከዚያ ከግራሩም ከአጥሩም ወረዱ፤ ማሳው በክንፍ ተርገበገበ። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ቢጫ ነበር። እዚሁ ነበሩ ለካ! ይህን ሁሉ ዘመን በወንጭፍ ሲያባርራቸው የኖረ ራሱ ነው።

ሥራነሽ ከዳሱ ወጥታ፣ እንደ ልማዷ፣ ከጎኑ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እሱም እንደ ልማዱ፣ ዓይኑን ከወፎቹ ሳይነቅል፣ ለራሱ ያህል ማውራት ጀመረ።

"አየሽ፣ መጡልሽ። እንዲህ ነው የሚለቅሙት። እዚያ ደግሞ በረዶ አለ፣ መስኮት አለ..."

"እንዳላማው" አለች።

ክው ብሎ ዞረ። እንባዋ በጉንጯ ወርዷል፤ አንድ እጇ ጆሮዋ ላይ ነው።

"ድምፅህ አርጅቷል" አለችው። "ሲለየኝ እኮ የጎረምሳ ነበር።"

ወፎቹ ይንጫጫሉ፤ ከዳሱ የልጃቸው መሸኛ ዘፈን ተነሥቷል፤ እሷ ሁለቱንም ትሰማለች።

"በል ቀጥል እንጂ" አለች ሥራነሽ፣ ወደሱ ጠጋ ብላ። "መስኮት አለ፣ ከዚያስ?"