ሟቹን ያሳቀው ፕላጊን

የሚስቴ ወንድም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያቆየኝ ለውለታ እንደሆነ ያወራል። ዘመድ እንዲህ ነው፤ በአንድ እጁ ያጎርስሃል፣ በሌላው አፍህን ይመታሃል።

አሁን ደግሞ ዲግሪ ያለው ፎቶ አቀናባሪ አመጣብኝ። ስሙን አልጠራውም፣ ዲግሪው ነው የምለው። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ማን እንደሚቀመጥ በፕላጊን ይለይ ተባለ። ፕላጊን ፎቶሾፕ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነው፤ ፎቶን የቀለም ሥዕል ያስመስላል። የተሸነፈው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ጉርድ ፎቶ ይቆርጣል።

የእኔው አሮጌ ነው። የብሩሹን ውፍረት፣ ጥላውን፣ የቀለሙን ድርቀት አንድ በአንድ በእጅህ ታስተካክላለህ። የዲግሪው አንዴ ጠቅ ነው። ፊት ያለሰልሳል፣ ዓይን ያበራል፣ ከንፈርን ጫፍና ጫፉን ይዞ ብድግ ያደርጋል። እሱ የነካው ሰው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ይህን ብናገር ምቀኛ ተባልኩ።

መፈተኛው የሟቹ የሚስቴ አባት ፎቶ ነበር። ሰውዬው «ልጄን ለማን ሰጠኋት» እንዳሉ ነው የሞቱት፤ ሠርጌ ላይ እንኳ ሰው እየሰማ ብለውታል። ያንን ፊት እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል? የግንባራቸውን ቋጠሮ አልነካኋትም፤ እንዲያውም ጥላ ጨመርኩባት። ሥዕሉ ሊሳደብ የደረሰ መሰለ።

ሁለቱም ታትመው፣ የማን የማን እንደሆኑ ሳይነገር፣ የሚስቴ እናት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው የእኔን አነሡ።

«ይሄ እሱ ነው» አሉ። «ቁርጥ እሱ።»

የሚስቴን ወንድም ዞር ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ዲግሪው መሬት መሬቱን ያያል።

«ይሄን ፊት ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ» አሉ፣ የእኔን ሥዕል በደረቱ እየደፉት። «የሚስቀውን ስጡኝ።»

ዲግሪው አፉን ይዞ ሳቀ። የሚስቴ ወንድም አልሳቀም፤ እሱ ሲያሸንፍ ያዝዛል። ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ጋ መሆኔን ነገረኝና መዶሻ አቀበለኝ።

«በል ጋሼ፣ አባባን ስቀልልን።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ሰቀልኩ። ሚስቴ ከታች ሆና ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ታሰኘኛለች። ሰውዬው አፍንጫዬ ሥር ሆነው ጥርሳቸውን ገልጠዋል። በሕይወት ሳሉ ይሰድቡኝ ነበር እንጂ ስቀውብኝ አያውቁም።