አባቷ ያመኑት ድምፅ

ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ሥራዋ ለማስታወቂያ ድምፅ መስጠት ነው። አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተጻፈ ወረቀት ሰጣትና ስቱዲዮ ገብታ በለሰለሰ ድምፅዋ አነበበችው። «ሙቀት ድሮም ነበር። የተፈጥሮ ዑደት ነው፤ የፋብሪካ ጭስ አያመጣውም።» ብዙም አላሰበችበትም፤ ቀጥሎ የሻምፑ ማስታወቂያ ነበረባት።

አባቷ ጡረታ አልወጣም ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቆርቆሮ ጣሪያ ባላት አንዲት ክፍል ሲሰፉ ሬዲዮናቸው ከጎናቸው አይጠፋም። ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናቸውን ያቆማሉ። ደንበኛ ካለም «እስቲ ዝም በል፣ ልጄ ናት» ይሉታል።

በዚያ ሰሞን ሙቀቱ ባሰ። አንድ የሜትሮሎጂ ባለሙያ አረጋውያን ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ቤት እንዲወጡ በዜና ለመነ። እሷም ለአባቷ ደወለች።

«አባባ፣ እኔ ጋ ይምጡ። ምድር ቤት ስለሆነ ይቀዘቅዛል።»

«ምን ያስጨንቅሻል? ዑደት ነው» አሉ እየሳቁ። የቀለዱ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን ሱሪ እያጠበቡ ሳለ ወደቁ። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው። ስትደርስ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ አገኘቻቸው።

«ይውጡ ሲባል ለምን አልወጡም?»

«አንቺ ምንም የለም ብለሽ የለ እንዴ?» አሉ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ መርፌ ያደነደነውን ጣታቸውን ያዘች።

«የተጻፈልኝን ነው ያነበብኩት፣ አባባ። እውነት አይደለም። የጻፉትም ሳያውቁት አይቀሩም።»

«እኔ ፋብሪካውን መቼ አመንኩ? አንቺን ነው እንጂ።» እንባዋን ሲያዩ ደግሞ «በይ ተይ፣ ማንበቡስ ያምርብሻል» አሏት።

በማግስቱ ፋብሪካው ቢሮ ሄደች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሻይ አዘዘላት።

«እኛ ሐሳብ ነው ያቀረብነው፤ አድማጭ ይፍረድ» አለ።

«አባቴ አድማጭ ናቸው» አለችው።

ድምፅዋን ከማስታወቂያው ሊያወጣላት ተስማማ፤ የማስታወቂያውን ቃል ግን አልቀይርም አለ። ከዚያ ወጥታ ማስታወቂያው ወደሚተላለፍበት ሬዲዮ ጣቢያ ሄደች። የቅዳሜው ፕሮግራም አዘጋጅ አምስት ደቂቃ ሰጣት። «ያንን የሲሚንቶ ፋብሪካ ማስታወቂያ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ተሳስቻለሁ። ምድር እየሞቀች ነው፤ የፋብሪካ ጭስም አንዱ ምክንያት ነው። እባካችሁ ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ቤት ውጡ።» በአባቷ የደረሰውንም ሳትደብቅ ተናገረች።

ፋብሪካው ዳግም አልጠራትም፤ ሌሎች ሁለት ድርጅቶችም ቀሩባት። ማስታወቂያው ከዚያ ጣቢያ ወረደ፤ ሌላ ጣቢያ ላይ በሌላ ሴት ድምፅ ቀጥሏል።

አባቷ አሁን እሷ ጋ ናቸው። «አንቺ ደግሞ በብርድ ልትገድይኝ ነው» ይሏታል ሹራብ እየደረቡ። ዓይናቸው ስለደከመ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ መርፌያቸው ላይ ክር ታስገባላቸዋለች።