ነጭ የሚያድርበት ጓዳ

"ልቧ ነው ያልሽኝ?" ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ፣ ስልኩን አንድ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሌላውን በመዳፏ ደፍና።

"አዎ፣ ልቧ። ዛሬማ ጭራሽ..." አለች አስተማሪዋ። የቀረውን መስኮቱ ሥር የቆመ አውቶቡስ ሞተሩን አጓርቶ ዋጠው። ከዚያ ወዲያ የተሰማው "...ከቻልሽ አሁኑኑ ነይ" የሚለው ብቻ ነበር።

ልክ ለማስወሰድ እጇን ዘርግታ የቆመችው ደንበኛ "ኧረ እኔስ?" ብትል "ልጄን ልቧን!" ከማለት በቀር መልስ አላገኘችም። ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በመናኸሪያው መሀል ሮጠች። ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተራ የሚጠብቁት አውቶቡሶች ጥቁር ጭሳቸውን ፊቷ ላይ ለቀቁባት። ልብ አላለችውም። ጭሱ ለእሷ እንደ ቤቷ ግድግዳ ነበር፤ አለ፣ በቃ።

አስተማሪዋ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት። መቀሱን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"የት ነው ያስተኛችኋት? ትተነፍሳለች?"

"ማን?"

"ልጄ ናታ! ልቧን አመማት አላልሽኝም?"

"ኧረ ምን ነካሽ! ልብ አትልም ነው ያልኩሽ። ልቧ ክፍል ውስጥ የለም። ያቻትልሽ ተቀምጣለች።"

ሰፊዋ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ሳቋ መጣ፤ አስተማሪዋም አፏን ሸፍና ሳቀች።

"ነፍሴን አወጣሽው እኮ፣ ቲቸር!"

"አንቺ ደግሞ መቀስ መዝዘሽ መጥተሽ የእኔን ልታወጪ ነበር።"

ሳቁ ሲያልቅ አስተማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። "ግን ቀላል ነገር አይደለም" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አምና ይቺ ልጅ አፏ አይዘጋም ነበር። ሳልጠይቃት ነበር የምትመልሰው። አሁን የነገርኳትን መጀመሪያውን ትይዝና መጨረሻው ላይ ትጠፋብኛለች። ብትረብሸኝ ይሻለኝ ነበር። አትረብሽም። ዝም ብላ ትሄዳለች።"

"ወዴት?"

"እሱን ነው ያላወቅሁት።"

ሰፊዋ ተነስታ በመስኮቱ አየች። ሌሎቹ ልጆች አቀርቅረው ይጽፋሉ። የእሷ ልጅ እርሳሷን ይዛ፣ ዓይኗን ገልጣ ተቀምጣለች። እናት እጇን አወዛወዘች። የልጅቷ ዓይን በእናቷ ላይ አለፈ፤ ባዶ ግድግዳ ላይ እንደሚያልፍ አለፈ።

ቤት ውስጥ "ሬዲዮ" ነበር የሚሏት። አባቷ ነው ያወጣላት፣ ወሬዋ ስለማያልቅ። ሰፊዋ ሬዲዮዋ መቼ ዝም እንዳለች ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። የስፌት መኪናው ድምፅ ውስጥ ሆና "ተመስገን፣ አድጋ ጨዋ ሆነችልኝ" ስትል ከርማ ነበር።

ልጇን አስፈቅዳ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ወጣቱ ሐኪም ደረቷን አዳመጠ፣ ጆሮዋንና ዓይኗን አየ፣ ደም እንድትሰጥ አዘዘ።

"ትስላለች?"

"ጠዋት ጠዋት፣ ትንሽ።"

"ቤታችሁ የት ነው?"

"መናኸሪያው አጥር ላይ።"

"የምትተኛውስ?"

"ፊት ለፊት ባለው ክፍል። መስኮቱ ሥር።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ጭሱ ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም። የእንቅልፍ ጉድለትም፣ የደም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ አንድ በአንድ እናያለን። ግን..."

"ግን ምን፣ ዶክተር?"

"መኪና የሚተፋው ደቃቅ ነገር ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ደም ይገባል። የልጅ አእምሮ ደግሞ ገና እየተሠራ ነው። እንዲህ ዓይነት አየር እየሳቡ የሚያድጉ ልጆች ልብ ማለትና ማስታወስ ሊከብዳቸው እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። ከቻልሽ ከመንገዱ አርቂያት።"

"የገባውስ ይወጣል?"

ሐኪሙ ወዲያው አልመለሰም። "ልጅ ናት፣ ገና ናት። ቶሎ መራቋ ይጠቅማታል" አለ ኋላ። ሰፊዋ ግን ይዛ የሄደችው ቃሉን አልነበረም፤ ከቃሉ በፊት ዝም ያለባትን ነበር።

መንገድ ላይ የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛ፣ በነጠላ ሠረዝ እንኳ ሳትቆም ጠየቀቻት፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ፣ ማን አጠገብሽ ተቀመጠ፣ ምን ጨዋታ ተጫወታችሁ። ልጅቷ "እ?" ትላለች። እናት ትደግማለች። ልጅቷ "ረሳሁት" ትላለች። መናኸሪያው ሲቀርብ እናት ሳታስበው ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ልጇ እንደምትተነፍስ ትዝ አላት። ትንፋሽ ለልጅ አይያዝላትም።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ወደ መናኸሪያው የሚያየው ክፍል የስፌት መኪናውንና የልጅቷን አልጋ ይዟል። ጓዳው ጀርባውን ለመናኸሪያው ሰጥቶ በሩ ወደ ግቢ ይከፈታል፤ እዚያ የሚያድረው ጨርቅ ነው። ሰፊዋ ሥራ ስትጀምር አንድ ነጭ ሸሚዝ መስኮቱ አጠገብ ሰቅላ አድራ፣ ጠዋት አመድ መስሎ አግኝታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣች። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "አታስቡ፣ እኔ ቤት ነጭ የሚያድረው ጓዳ ነው" ትላለች፣ ትንሽም ኮራ ብላ። ሠፈሩ ውስጥ ሙሽሮች ሁሉ ወደ እሷ የሚመጡት በዚህ ነው።

ጓዳ ገባች። የሰሞኑ ሙሽራ ቀሚስ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ ወተት የመሰለ፣ አንድ ነጥብ የሌለው። ተመልሳ ወጣችና የልጇን ትራስ አነሳች። የአልጋውን ራስጌ በጣቷ አበሰችው። ጣቷ ጠቆረ። ጨርቁን ሸፍና፣ ልጇን ገልጣ ስታሳድር ኖራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ክፍሉን ለይታ የሰጠችው ራሷ ናት።

ባሏ ከሚነዳው ሚኒባስ ወርዶ ምሳ ሊበላ ሲገባ እዚያው ቆማ አገኛት።

"ምነው፣ መርዶ መጣ እንዴ?"

ነገረችው። እየሰማ ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ።

"ሐኪም ደግሞ ሥራው ማስፈራራት ነው። እኔስ ናፍጣ እያሸተትኩ አይደል ያደግሁት? ምን ሆንኩ?"

"ምንም። ቁልፍህን በየቀኑ የምንፈልግልህ እኛ ነን እንጂ።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁን ሳይጨርስ ተወው።

"ቆይ አሳይሻለሁ። ሬዲዮ! ነይ እስቲ እዚህ። ከጓዳ ጥቁር ክር፣ ጠመኔ፣ የአባዬን ኮፍያ። ሦስቱንም አምጪ፣ በሩጫ!"

ልጅቷ እየሮጠች ገባች። አባት ለሚስቱ "አየሽ?" በሚል ዓይን ቅንድቡን አነሳ። ጠበቁ። ውጭ አንድ አውቶቡስ ተነሳ፣ ሌላው ቦታውን ያዘ። ከጓዳ ድምፅ የለም።

"ሬዲዮ?"

ሁለቱም ተነስተው ገቡ። ልጅቷ ጓዳው መሀል ቆማ የላስቲኩን ጫፍ በጣቶቿ ታሻሻለች። ኮፍያው ከፊቷ፣ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ምን ነበር ያልከኝ፣ አባዬ?"

"ክር፣ የኔ እናት።"

"ክር" አለች። ዙሪያዋን አየች። "ከዛስ?"

"ምንም። ተይው፣ እኔ አመጣዋለሁ" አለ አባት። "ደክሟት ነው" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። ድምፁ ግን የእሱ አይመስልም ነበር። ወደ ፊተኛው ክፍል ተመለሰና መስኮቱን ዘጋው። የናፍጣው ሽታ ባለበት ቀረ። መዳፉን በመስኮቱ ስንጥቅ ላይ አድርጎ የሚገባውን አየር ፈለገ፤ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ይገባል።

"ሌላ ቤት እንፈልግ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"እንፈልጋለን። እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ..."

"ጓዳ ትተኛለች።"

"ጨርቁስ?"

"ጨርቁ እዚህ ይውጣ።"

አሁን ዞረ። "አንቺ፣ የምንኖረው በነጭ ነው እኮ። አንድ ሙሽራ ቀሚሷ ላይ ጥላሸት ካየች ሠፈሩን በሙሉ ታዳርስልሻለች። ደግሞ ጓዳውስ ቢሆን? በአንድ ግድግዳ ነው የሚርቀው።"

"አውቃለሁ። ያለኝ አንድ ግድግዳ ነው።"

ባሏ የመፍቻ ሣጥኑን ሊያመጣ ወደ ሚኒባሱ ወጣ። እሷ ስልኳን አንስታ ሙሽራዋ ጋ ደወለች።

"እህት፣ ቀሚስሽን ነገ መጥተሽ ብትወስጂው።"

"አለቀ? ወይኔ፣ እንዴት ደስ ይላል!"

"አላለቀም። ሌላ ሰው ይጨርስልሽ። እኔ ዘንድ ነጭ የሚያድርበት ቦታ የለም።"

"ምን ማለት ነው? ጓዳ ነው የሚያድረው አላልሽኝም?"

"ብዬሽ ነበር። አሁን ሰው ያድርበታል።"

አልጋው በጓዳው በር አልገባ ስላለ ባሏ እግሮቹን ፈታቸው። ልጅቷ ብሎኖቹን እንድትይዝለት ሰጣት፤ ሁለቱ ከእጇ ወድቀው ጠፉ፣ አልተቆጣትም። በዚያው ምሽት ጓዳ ተኛች። ሙሽራዋ በማግስቱ ከእናቷ ጋር መጣች፤ እጅጌው ያልተገጠመለትን ቀሚስ ከነላስቲኩ አንስታ፣ ደህና ዋሉ ሳትል ሌላ ሰፊ ፍለጋ ሄደች።