የተህሚና ነጭ ገጽ

ተህሚና ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ቁልፉን ተጫነችው። ገጹ ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመልሶ መጣ፤ ያው ነጭ። አረንጓዴ ይሁን ብላ ያዘዘችው ርዕስ ጥቁር ነው። ጎን ለጎን ይቁሙ ያለቻቸው የሐልዋ ሥዕሎች አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። ገጹን የሠራችው ለሰፈራቸው ጣፋጭ ሻጭ ነበር፤ ሰውየው ቢያየው ራሱ አይገዛም።

"ለምን?" አለች። ከአፏ የወጣው ግን ከድምፅ ይልቅ ትንፋሽ ነበር።

ድምፅዋ ከሄደ አምስት ወሩ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከሚያጓራ ጄኔሬተር አጠገብ፣ በአንድ ክፍል ለታጨቁ ስልሳ ሰባት ልጆች ስትጮህ ኖራ ጉሮሮዋ እባጭ አወጣ። ሐኪሙ ሳያቅማማ ነገራት፦ "ወደ ክፍል ከተመለስሽ የቀረችውንም ድምፅ ትቀብሪያታለሽ።" በቤቱ ደሞዝ የምታገባው እሷ ብቻ ነበረች፤ የአባቷ ጡረታ ለመድኃኒታቸው እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በዝምታ የሚሠራ ሥራ ፈለገችና ድረ ገጽ መሥራትን በኢንተርኔት መማር ጀመረች። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር የነካችው የተማሪ ውጤት ለመሙላት ብቻ ነው።

የትምህርቱ ማብቂያ ፈተና እንዲህ ያለ ገጽ ሠርቶ መላክ ነው፤ ላለፉት ላሆር ያለ አንድ ድርጅት ከቤት ሆነው የሚሠሩበት ቦታ ይሰጣል። ሥራው የሚላክበት የመጨረሻ ሰዓት ዛሬ ሰባት ሰዓት ነው፤ ውጤቱ ግን ከሳምንት በኋላ ይነገራል። አሁን ስድስት ሊሞላ ሃያ ጉዳይ ነው። ስድስት ሲሞላ ደግሞ የከተማቸው የሙልታን መብራት እንደ ልማዱ ለሁለት ሰዓት ይሄዳል።

የገጹን አጥንት ማቆም ቶሎ ገብቷት ነበር። የገደላት ልብስ ማልበሱ ነው፤ ቀለሙና አቀማመጡ። በቪዲዮው ያለው መምህር ሲጽፈው ወዲያው ይሠራል፣ እሷ ያንኑ ስትጽፈው አይሠራም። በኢንተርኔት አብረዋት የሚማሩትን ቡድን ብትጠይቅ አንዱ "እህቴ፣ አጥፍተሽ አብሪው" አላት፤ ሌላው የሚስቅ ፊት ላከላት። እንባዋ መጣ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ምን አገባኝ ከልጆች ጋር፣ አለች በልቧ።

ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቁሬሺ ሳሂብ ነው።

"ሚስ ተህሚና! ሰኞ ትመጫለሽ አይደል? ሌላ አመልካች በሬ ላይ ቆማለች።"

"ሳሂብ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል..."

"ምን? አይሰማም፣ ጮክ በይ!"

"ሐኪሙ ከልክሎኛል።"

"ኧረ ዝንጅብል በማር ጠጪበት! የኔ እናት በሱ ነው የዳነችው። ከቀትሩ ከዙህር ሶላት በፊት እደውላለሁ፤ አዎ ወይም አይ በይኝ።"

ስልኩን እንዳስቀመጠች አባቷ ኢናየት ሳሂብ ላሲ፣ የተበጠበጠ እርጎ፣ በብርጭቆ ይዘው ገቡ።

"ጠጪ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሆድሽ ባዶ ነው።"

"አባዬ፣ ይተዉ።"

"ጨው? ጨው አድርጌበታለሁ።"

ያ ቤት እንዲህ ነው፤ ልጅቱ ድምፅ የላት፣ አባት ጆሮ የላቸው። ኢናየት ሳሂብ ከማተሚያ ማሽን በላይ ባለ ክፍል ተቀምጠው በኡርዱ ቋንቋ ለሚታተም ጋዜጣ አርባ ዓመት የጻፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ኮምፒውተር የገባ ዕለት አሥራ ሁለቱን ጸሐፊዎች በአንድ ጠዋት ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ "ያ ሳጥን" ከማለት በቀር በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ተህሚና ወንበር ሳበችላቸውና በወረቀት ጻፈች፦ "በግራ ያለው የመምህሩ ነው፣ በቀኝ የኔ። ልዩነት ካለ ያሳዩኝ።"

"እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ! ባንቺ ቤት መቀለድሽ ነው?"

"መልኩን ብቻ" ብላ በወረቀቱ ጨመረች።

እያጉረመረሙ መነጽራቸውን አጠለቁ። ጎንበስ አሉና በጥፍራቸው መስመር በመስመር ሄዱ። በሦስተኛው መስመር ጥፍራቸው ቆመ።

"ይቺን ማን ጻፋት?"

"የቷን?" አለች በጣቷ ወደ ማያው እየጠቆመች።

"መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ምልክት። የሰውየው ነጥቧ ላይ፣ ጭራዋ ታች ነው። ያንቺ ተገልብጣ በራሷ ቆማለች። ይቺ የኛ የኡርዱ ናት! ስንት ሺህ ጊዜ ጽፌያታለሁ፣ በጨለማም አልስታት። ፈረንጅ መሃል ምን ትሠራለች?"

ተህሚና ወደ ቁልፎቹ ጎንበስ አለች። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ሲገዛም ያቺ የመስመር መዝጊያ ምልክት ያለችበት ቁልፍ ወልቆ ነበር። ምን ቸገረኝ ብላ ምልክቷን ከኡርዱ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ቀድታ በየመስመሩ መጨረሻ ለጠፈቻት። ለእሷ ዓይን አንድ ነበሩ፤ ለኮምፒውተሩ ግን አይደሉም።

መምህሩ ከቪዲዮው በታች በጽሑፍ ካስቀመጠው ትክክለኛዋን ቀድታ በርዕሱ መስመሮች ተካች። ርዕሱ አረንጓዴ ሆነ። መጮህ ስለማትችል የአባቷን ጉልበት በጥፊ መታችው።

"አይ ጉልበቴን! ምን በደለሽ?"

የሚቀየሩት አርባ ስድስት ናቸው፤ ሁሉን ባንዴ መለወጫ መንገድ እንዳለ ገና አልተማረችም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ቆመ። መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ሩብ ሰዓት ከያዘ ብዙ ነው። ተጣደፈች፤ አንዱን ልታርም ሌላውን ታጠፋለች።

"እዚህ" ይላሉ አባት በጥፍራቸው። "እዚህ። ቆይ፣ ይቺን ዘለልሻት! ዓይንሽ የት ነው ያለው?"

"አይቆጡኝ፣ አባዬ።"

"ምን?"

"አይቆጡኝ!"

"አልሰማሁሽም። እዚህ!"

ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ቆሙ። ከግርጌ ያለው አድራሻ ግን እንደ ጠመመ ነው፤ አምስት ምልክቶች ይቀራሉ። ባትሪው ሁለት ከመቶ ይላል። አባቷን በተማጽኖ አየቻቸውና ወደ ጠማማው መስመር ጠቆመች።

"ጋዜጣውስ ቢሆን መቼ አልቆ ያውቃል?" አሉ ኢናየት ሳሂብ። "ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል እንጂ።"

በስልኳ ኢንተርኔት ላከችው። "ደርሶናል" የሚል ቃል ብቅ ከማለቱ ማያው ጨለመ።

ተህሚና ደስ አላላትም። በጠማማ ግርጌ ማን ያሳልፋታል? ብትወድቅ ሌላ ዕድል የለም። ሰኞ ክፍሉን ለዚያች በር ላይ ለቆመችው ከሰጡት ደግሞ እሱም የለም። ዱቄቱ እስከ ወሩ አጋማሽ ቢደርስ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

"እህሳ፣ ሚስ ተህሚና? ወስኚ!"

ጉሮሮዋን በመዳፏ ያዘች። "አልመጣም፣ ሳሂብ።"

"ምን? እመጣለሁ ነው ያልሽው? ጮክ በይ እንጂ!"

ደረቷ በአየር ሞላ። ዘጠኝ ዓመት የለመደው ጉሮሮዋ ሳታዘው ለጩኸት ተወጠረ። አባቷ ምንም አይሰሙም፤ ፊቷን ብቻ ያያሉ።

አየሩን ቀስ አድርጋ መልሳ ለቀቀችው። ስልኩን ከከንፈሯ አስጠግታ፣ በዚያው ትንፋሿ፣ "አልመጣም" አለችው ደግማ፤ ይስማ አይስማ ሳትጠይቅ ዘጋችው።