ከቀለሙ ሥር

«ይሄ ሁሉ ጣሳ ካልተነሳ የመጣው ሰው የት ይቀመጣል?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ በረንዳው ጥግ ከተደረደሩት አራት ጣሳዎች አንዱን በጫማው ጫፍ እየገፋ። «ነገ ጠዋት ጋሪ አመጣለሁ። አሮጌ ብረት ገዢው ከነሞተር ብስክሌቱ ጠራርጎ ይውሰደው።»

ጣሳው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ውስጡ ያሉት ብሎኖች ተንኮሻኮሹ።

የሟቹ ሚስት፣ የሰፈሩ አዋላጅ፣ ከለቀስተኞቹ ሴቶች መሀል ተነሳች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱን ቀን አንድ ቦታ ተቀምጣ፣ ሲሏት እየጠጣች፣ ሲሏት እየተኛች ነበር ያሳለፈችው።

«ጋሼ፣ እግርህን አንሳ።»

«ምን አልሽ?»

«ከጣሳዬ ላይ እግርህን አንሳ አልኩህ። የኔ ነው።»

 ቡና የምታቀብለው ጎረቤት ስኒውን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

ጣሳዎቹ ውስጥ ያለው የሞተር ብስክሌቷ ዕቃ ነው፤ የሷ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሞተር ብስክሌቱን ከአባቷ ወርሳ ስምንት ዓመት ለሥራ ነድታዋለች። ምጥ የያዛት ሴት ካለችበት ቤት ድምፁ ቀድሟት ይገባ ስለነበር፣ «ዱግዱጊት መጣች፣ በርቺ!» ይሏት ነበር ወላዷን። አንድ ቀን አስፋልት ላይ ወደቀች። አወዳደቋን አታስታውስም። የምታስታውሰው ሐኪም ቤት ስትነቃ ነው፤ ባሏ አንድ ጫማው ወልቆ፣ ሸሚዙ በሷ ደም የረጠበ፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር።

ድና ስትመለስ ሞተሯ ተፈታቶ ጠበቃት። ባሏ የሬዲዮና የመብራት ዕቃ ጠጋኝ ነበር። «እንደ አዲስ አድርጌ እገጥምልሻለሁ፤ ሁለት ሳምንት ስጪኝ» አላት። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ዓመት ሆነ። ብረቱን ጥቁር ቀለም ቀባው፤ ሞተሩንና ጎማውን መልሶ ገጠመ፤ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃው ግን አይነሳም፤ እሱም ከጣሳ አልወጣም። ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፤ «አንድ ዕቃ ጎድሎኛል። እየፈለግኩ ነው።»

«እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል!» አሉ አንዲት አሮጊት ነገሩን ለማብረድ። «የተበላሸ ነገር እጁ ላይ አያድርም ነበር።»

«የኔው አደረ፣ እማማ» አለች አዋላጇ። «ሰባት ዓመት አደረ።»

የባሏን የሥራ ካፖርት ከሚስማሩ አወረደች። በጥቁር ልብሷ ላይ ደረበችው፤ በረንዳው ላይ የቆመው ሞተር ብስክሌት የለበሰውን ሸራ ገፋ አድርጋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ ሹክሹክታ ተነሳ።

«ነካ አድርጓታል እንዴ?»

«ተያት፤ ሐዘን የማያሠራው የለም።»

ከጣሳው ያወጣቻቸው ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ በሱ ድቡልቡል ጽሕፈት ወረቀት ታስሯል፤ «ከባትሪ ወደ ፊውዝ»፣ «ከፊውዝ ወደ ቁልፍ»፣ «ከቁልፍ ወደ ፊት መብራት»። እያነበበች አገናኘች። የጎደለውን ዕቃ ፈለገች፤ ፊውዙ አለ፣ ክላክሱ አለ፣ አምፖሉ በጥጥ ተጠቅልሎ አለ። አራተኛው ጣሳ ባዶ ሲሆን ያልተገጠመ ቦታ አላገኘችም።

እጇ ቆመ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዶፍ ዝናብ፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ደርሳ ነበር። ሕፃኑ አላለቀሰም። ቤቷ ገብታ የእግሯን ጭቃ ሳታራግፍ፣ «ሞተሬ ቢኖር እደርስ ነበር» አለችው ባሏን። ሻይ አፈላላት። ስኳር መጨመሩን ረስቶ ሁለት ጊዜ ጨመረበት። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ፣ «ዕቃው እኮ አልተገኘም» አላት።

እዚያው በረንዳ ላይ ካለው የባሏ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ባትሪ ጎትታ አወጣች። ሙሉ ነው። ገጠመችውና ቁልፉን አዞረች። ምንም የለም። ደግማ አዞረች። ምንም።

ከወንዶቹ መሀል የባሏ የሥራ ባልደረባ ካልሲውን ያያል። ከቅጥነቱ የተነሳ ሰው ሁሉ ሽቦ ነው የሚለው።

«ሽቦ፣ የጎደለው ምንድን ነው?»

«እኔ ከየት አውቄ...»

«ሃያ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርታችኋል። ምንድን ነው የጎደለው?»

ሽቦ ስኒውን መሬት አስቀመጠ። «ምንም አልጎደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ያ ሕፃን የሞተ ሳምንት፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጠራኝና በአንድ ቀን ገጠምነው። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳ። መብራቱ፣ ክላክሱ፣ ሁሉም።»

«ተነሳ? ሞተሬ?»

«ተነሳ። እሱ ግን ላዩ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አጠፋው። ‹ከአስፋልት ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ አላነሳትም› አለኝ። በማግስቱ ስመጣ ሁሉም ጣሳ ውስጥ ተመልሷል። ‹ማንም ቢገጥመው እንዳይበራ አድርጌዋለሁ› አለ። ምን እንዳደረገው አልነገረኝም። ባትሪውን ግን በየወሩ ይሞላው ነበር። ስጠይቀው ይቆጣኛል።»

«ፈራሁልሽ ቢለኝ ምላሱ ይቆረጥ ነበር?» ድምጿ ቤቱን ሞላው። «እጣላው ነበር! እጮህበት ነበር! እሺም እለው ነበር ይሆናል! ሦስት ዓመት ‹አልደረስኩም› እያልኩ ስነቃ፣ አጠገቤ ተኝቶ ይሰማኝ የነበረውን ሰው እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ደግ ነበር ትሉኛላችሁ!»

«ኧረ ተይ» አለ ታላቅ ወንድምየው፣ «የሞተ ሰው አይወቀስም።»

«ቆሞ ዋሽቶኛል፤ ተኝቷል ብዬ ልሸፋፍንለት?»

  ስትናደድ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ያስተማራት ሥራዋ ነው። ከካፖርቱ ኪስ የባሏን መፈተሻ አወጣች፤ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ አምፖል። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይዛ ሌላውን ፊውዙ ላይ ነካች፤ በራ። ቁልፉ ላይ በራ። ፊት መብራቱ ላይ በራ። ኤሌክትሪኩ እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ ግን አይመለስም።

ለማጅ በመጣ ቁጥር ባሏ የሚደግመው ነገር ነበር፤ «ኤሌክትሪክ እንደ እንግዳ ነው፤ መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይፈልጋል።»

መውጫው ከወንበሩ ሥር ነው፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ከሞተር ብስክሌቱ ብረት ጋር በአንድ ብሎን ይታሰራል። እሱ ራሱ አስሮት ስለነበር አልነካችውም። አሁን ፈታችው። ከሽቦው ሥር ቀለም። ብሎኑ ላይ ቀለም። በብሎኑ ጥርስ መሀል ሳይቀር ቀለም፤ በቀጭን ብሩሽ፣ እየደረቀ የተደራረበ። ይህ ሰው ብረት ሳይፋቅ ሽቦ ያሰረ ለማጅ ሲያይ፣ «ቀለም ለዓይን ነው፤ ለሽቦ ግድግዳ ነው!» ብሎ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነበር።

ምላጭ ከኪሱ አገኘች። ፋቀች። ጥቁሩ ቀለም ጉልበቷ ላይ እየተቀረፈ ወደቀ፤ ከሥሩ ብረቱ አብረቀረቀ። ብሎኑንም ጥርስ በጥርስ ፋቀች።  አሰረችና ቁልፉን አዞረች።

የፊት መብራቱ ቦግ አለ። በቀን ብርሃን የታላቅ ወንድምየው ሱሪ ላይ ቢጫ ክብ ሠራ፤ እሱም እሳት እንደነካው ወደ ጎን ሸሸ።

«ጋሪህን ለሌላ ሥራ አውለው፣ ጋሼ» አለች።

ቀስ ብላ ተነሳች። የነዳጅ ታንኩን አየችው፤ የአምፖሉንም ብርሃን አየችው።

«ውሸታም» አለች።

በመዳፏ ታንኩን መታችው። ባዶ ስለነበር ድምፁ በር እንደማንኳኳት ሆነ። ሰዉ ሁለተኛውን ምት ጠበቀ። እሷ ግን እጇን ከብረቱ ላይ አላነሳችም።